የማዳምን ፊት እያየሁ የጨረስኩት ፊልም

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሲኒማ ቤት ገባሁ... ጅዳ በመጣሁ በስድስት ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እሰይ ልትሉኝ ከሆነ ቆዩ። የገባሁት የአሠሪዬን፣ የማዳምን ልጅ የአምስት ዓመቷን ሊንን፣ የሊንን ቦርሳ፣ የሊንን ጃኬትና የሊንን ውሃ ተሸክሜ ነው።

ፊልሙ የአንድ የድሮ ፊልም ተከታይ ነው። አንድ ቤተሰብ በጋሪ አገር ላገር እየዞረ የሚዘፍንበት፣ ወደ አረብኛ የተተረጎመ... የድሮውን እዚህ የማያውቀው የለም። ማዳም በቪዲዮ ካሴት እያየችው ነው ያደገችው። ክፍል ሁለት ሊመጣ ነው ከተባለ ጀምሮ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም።

እኔ ግን የራሴ ጭንቀት ነበረኝ። መካ፣ ነካሳ ሰፈር የምትኖረው እህቴ ዘሀራ ሴት ልጅ ወልዳለች። ጁምዓ ሰባተኛ ቀኗ ነው፤ አቂቃ፣ የልደቷ በግ ይታረዳል፣ ስም ይወጣል። ዘሀራ ደግሞ ስሙን ሀዋ ካላወጣችላት ማንም አያወጣላትም ብላ ድርቅ ብላለች። ሀዋ ማለት እኔ ነኝ። ፈቃድ ስጠይቅ ማዳም የመለሰችልኝ መልስ «መጀመሪያ ፊልሙን እንይ፣ ከዚያ እናያለን» የሚል ነው።

የማዳምን ጠባይ ለሚያውቅ ነገሩ ግልጽ ነው። ደስ ብሏት ከወጣች እሄዳለሁ። ከፍቷት ከወጣች ግን ኻላስ፣ አበቃ፤ ሕፃኗ ስም ሳይወጣላት ትውላለች። ስለዚህ ሰው ሁሉ ፊልሙን ሲያይ እኔ የማየው የማዳምን ፊት ነበር።

ፊቷ ደግሞ ገና ከጅምሩ አላማረኝም። ዘፋኟ ተቀይራለች። ከኋላችን አንዲት ሴትዮ «የድሮዋ አይደለችም እኮ» እያለች ታጉረመርማለች። ባሏ ስልኩን ይነካካል። ከፊት ያሉት ልጆች ፈንዲሻ ይወራወራሉ። ማዳም አንዴ በረዥሙ ስትተነፍስ እኔ ሁለቴ እተነፍሳለሁ። ሌላው አዲሱን ከድሮው እያስተያየ ሲያዝን፣ እኔ በሆዴ «ያ ረቢ፣ ይቺን ፊልም አሳምርልኝ» እያልኩ ዱዓ ላይ ነኝ። በስድስት ዓመት ያልጠየቅኩት ነገር የለም... ለፊልም ግን ዱዓ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ መጨረሻው ላይ ያ የድሮው ዘፈን መጣ... ጋሪው ውስጥ ልጆቹን የሚያስተኙበት። አዳራሹ ነቃ። ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ አብረው ይዘፍኑ ጀመር። ማዳም እየሳቀች በአባያዋ እጅጌ እንባዋን ትጠርጋለች። አልሐምዱሊላህ፣ መካ ገባሁ አልኩ።

ይሄኔ ሊን ወንበሯ ላይ ቆመች። ዘፈኑን እሷም ታውቀዋለች፤ ከጨቅላነቷ ጀምሮ በሱ ነው የማስተኛት። ችግሩ... ያኔ እኔ አረብኛ አልችልም። ዜማውን ከቴሌቪዥኑ ወስጄ ቃሉን ከራሴ ነበር የጨመርኩበት። እሷም አዳራሹ በሙሉ እስኪሰማ፣ ጥርት ባለ አማርኛ

«ደከመኝ ደከመኝ፣ ተኚልኝ እባክሽ፣
ወገቤም ተቆርጧል፣ ልጋደም ከጎንሽ»

ብላ ለቀቀችው።

የአሠሪዎቻቸውን ልጆች ቦርሳ ታቅፈው በየረድፉ ጥግ ከተቀመጡት ሴቶች መሀል ሳቅ ፈነዳ። ለካ ግማሾቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። ከጎኔ ካለው ረድፍ አንዷ ጎንበስ ብላ «እህቴ፣ ይሄንን ለኛም ቤት ላኪልን» አለችኝ። ስቃ ስታበቃ ግን በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። እኔ ደግሞ ሳቁም እንባውም አልመጣልኝ አለ፤ ማዳም ዞራ እያየችኝ ነበር።

«ምንድነው የምትለው?»

«የእንቅልፍ ዘፈን ነው፣ ማዳም» አልኳት። ውሸት አይደለም።

መኪና ውስጥ ገብተን እፎይ ልል ስል ማዳም ጥያቄውን ወደ ሊን አዞረችው። ሊን ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከእናቷ ጋር በአረብኛ ነው የምታወራው። አንድ ቃል ሳታስቀር ተረጎመችላት፣ የወገቤን ጉዳይ ጭምር። እስከ ቤት ድረስ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ለዘሀራ ደውዬ ምን እንደምላት አስባለሁ። ፈርቻለሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ድካሙ ነበር የበዛብኝ።

እቤት ገብተን ዕቃ ሳጥብ ማዳም ኩሽናው በር ላይ መጥታ ቆመች። ጁምዓ ሂጂ አለችኝና ተመለሰች። ተቆጥታ ይሁን አዝናልኝ፣ እስካሁንም አላውቅም።

ጁምዓ በጠዋት ከአሮጌው ከተማ ከአል-ባላድ ከአገር ልጆች ጋር በታክሲ ተሳፍሬ ነካሳ ደረስኩ። ሕፃኗን አቀፍኳትና ራሕማ አልኳት። የሰው ልጅ ሳዝል ኖሬ የገዛ ሥጋዬን ስይዝ ያልመጣ እንባ የለም። ዘሀራም አብራኝ አለቀሰች።

ከሶላት በኋላ ምግብ ቀርቦ ገና አንድ ጉርሻ ሳልውጥ ማዳም ደወለች። ሊን የቀን እንቅልፏን አልተኛም ብላለች። ማዳም ከጠዋት ጀምሮ ብቻዋን ይዛት ድምጿ ራሱ አልቋል። በአረብኛው ብትዘፍንላት፣ ሊን «ይሄ ዋናው አይደለም» እያለች ታለቅሳለች።

«ቃሉን ንገሪኝ» አለችኝ ማዳም።

እኔ አንድ አንድ ቃል እላለሁ፣ እሷ ትደግማለች። ቤት ሙሉ እንግዳ ጉርሻውን ይዞ ያዳምጣል። በሦስተኛው ተስተካከለላት። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ መዝፈን ጀመረች... ሊንም ቀስ በቀስ ዝም አለች።

አረብኛ ከለመድኩ ጀምሮ ማዳምን በገዛ ቋንቋዋ ደክሞኛል ስላት ሰምታኝ አታውቅም... በእኔ ቋንቋ ስትዘፍነው ግን፣ ወላሂ፣ ከአንጀቷ ነበር።