የሠንጠረዡ በቀል

ያን ዕለት ከሚሴ ላይ ሙቀቱ ከጠዋት ጀምሮ አየሩን አፍኖት ዋለ። ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቁሮ ነበር፤ ዝናቡ ግን ተራራው ላይ ቀረና ለእኛ አቧራው ብቻ ደረሰን። ታናሽ ወንድሜ ሙሀመድኑር ከስብሰባ ተመልሶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ሳየው ሥራውን እንደቀሙት ገባኝ።

እሱን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጣሁ፣ እሱ ተማረ። ኮምፒውተር አጥንቶ ሲመለስ፣ በሁለት ሺህ ስምንት ገደማ፣ አንድ የጨፋ ገበሬዎች ማኅበር የእህልና የከብት ዋጋ በስልክ የሚታይበት ድረ ገጽ አሠራው። ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ነጋዴው ስልኩን እያየ በዋጋ ሲከራከር ስመለከት፣ እኔ ያልጨረስኩት ትምህርት የት እንደገባ ያየሁ ይመስለኝ ነበር።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሙኒር ተነሣ። ሙኒር የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሠርቶ የተመለሰ። ከኢንተርኔት ያገኘውን ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ አበራ። ድረ ገጽ የሚሠራባቸው ፍሬምወርክ የሚባሉ ዝግጁ መሣሪያዎች በፍጥነታቸው ተደርድረዋል፤ ሙኒር የሚሠራበት ከላይ ነው፣ ወንድሜ የሚሠራበት ከታች። “ሙሀመድኑር በግመል ነው የሚጭንላችሁ፣ እኔ በአውሮፕላን” ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ሥራው ለሙኒር ተሰጠ።

በኋላ ሲያስረዳኝ ቁጥሩ ውሸት አይደለም አለኝ። የተለካው ግን አንዲት መስመር ጽሑፍ ብቻ ያለባት ገጽ ናት፣ ያውም እኛ አይተነው በማናውቀው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ። የእኛ ገጽ ዋጋውን ከመረጃ ቋት ፈልጎ፣ የበሬውን ፎቶ ጨምሮ፣ በደካማ ኔትወርክ ነው የሚልከው። የሚዘገየው እዚያ ነው። ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገርክም ብዬ ብጠይቀው፣ በሙኒር በራሱ መንገድ እናገራለሁ አለ።

የራሱን ሠንጠረዥ ሠራ። አሮጌውን ገጹን ከገዛ ኮምፒውተሩ፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ ቅጂ እንዲወጣ አድርጎ ለካው። የሙኒርን ገጽ ደግሞ በአረፋ ሰሞን፣ ከብት ሻጩም ገዢውም በሚከፍተው ሰዓት ለካው። ሙኒር ከታች ወደቀ። ሠንጠረዡን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፤ እንዴት እንደለካ አልጻፈም። ነጋዴዎች እየተቀባበሉ ሳቁ። እኔም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሙኒር የሰፈሩን ሽማግሌ ሼህ ኢሳን ይዞ ለዕርቅ ቤታችን መጣ። “ያ ኦቦሌሳ ኮ” አለው በኦሮምኛ፤ ከዚያ በፊት ‘ወንድሜ’ ብሎት የማያውቅ ሰው። ሼሁ ዱዓ አደረጉ። በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት አውፍ ብሎ ይቅር የተባባለ ሰው ነገሩን ዳግም አያወራም። ሼሁ ሁለተኛ የሙኒርን ነገር በአፍህ ላትናገር ትምላለህ ወይ ሲሉት፣ ወንድሜ “ወላሂ፣ በአፌ አልናገርም” አለ። ሠንጠረዡን አጥፋ ያለው የለም። ሼሁ ፌስቡክን አያውቁትም፤ ሙኒርንም ከዱዓው በኋላ ይህን መጠየቅ አሳፈረው። እነሱ ሲወጡ ወንድሜን ሠንጠረዡን ልታጠፋው ነው ወይ አልሁት።

“የማልሁት በአፌ ነው፣ እቴ።”

ሳቅ ካቆምሁ ቆይቶ ነበር፤ ያን ቀን ሳቅሁ።

መሐላውን ጠበቀ። የሙኒር ስም ከአፉ አልወጣም። ሠንጠረዡ ግን እየዞረ የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ቃሲም ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አስቀምጠው ልጆቹን ጠሩና፣ ማን በምን እንደለካ አስረዱኝ አሉ። ሙኒር የሱን ከኢንተርኔት ስላመጣው ማን እንዴት እንደለካው አያውቅም። ወንድሜ ቢናገር ማታለሉ ይወጣል፣ ደግሞም ምሏል።

“እንግዲያስ ሁለታችሁም ሂዱ። እኛ በስልክ እየደወልን እንጠያየቃለን” አሉ አቶ ቃሲም።

ድረ ገጹ ተዘጋ። ሙኒር አንገቱን ደፍቶ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ይህ ዛሬም ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። የወንድሜ ልፋት አብሮ መቅረቱን ሳስበው ግን፣ የእኛ ነገር መች ሞልቶ ያውቃል ብዬ እተወዋለሁ። ሙሀመድኑር አሁን ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ ይጠግናል።