ለሽንኩርት የሰጠሁት ቀጠሮ

ይህ የሆነው አምና ጥር ላይ ነው። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ቶሎ ይረሳል ይባላል፤ እኔ ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ያን ቀን ማንም አልተቆጣኝም፤ ምናልባት ያልረሳሁት ለዚህ ይሆናል።

በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነኝ። በወረዳ ዳኝነት ጀምሬ እዚህ እስክደርስ አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። በእነዚህ ዓመታት ስገባ ሰው ሁሉ ብድግ ሲልልኝ አለመደንገጥን፣ ስናገር ማንም እንደማያቋርጠኝ ማመንን ለምጃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ቀጠሮ መስጠት ተክኛለሁ። መልስ ይሰጥበት፣ ማስረጃ ይቅረብ፣ ምስክር ይጠራ እያልኩ አንዱን ክርክር ከክረምት ክረምት አሻግረዋለሁ፤ ያውም አንድ አንቀጽ ሳልጥስ።

ለአጎቴ ተዝካር እናቴ ወዳለችበት ወደ መርሳ ከተማ ሄድኩ። እናቴ «ልጄ ፌዴራል ናት» እያለች ለጎረቤቱ ስታወራ ስለከረመች ግማሹ ሰው ፖሊስ መስዬው ነበር። ዳኛ መሆኔ ሲታወቅ አክብሮቱ ቀነሰ ወይስ ጨመረ፣ እስካሁን አላጣራሁም።

በማግስቱ ጋሽ ይማም ቤት ድረስ መጡ። እሳቸው ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለው መስክ የውሃ አባት ናቸው፤ ከወንዙ በተጠለፈው ቦይ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ የሚደለድሉት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሰዎች በውሃ ተራ ተጣልተው ሽማግሌ ሊቀመጥ ነበር። «ልጄ፣ አንችም ከኛ ጋር ብትቀመጭ ደስ ይለናል» አሉኝ። በዚያ ሽምግልና ላይ ሴት ተቀምጣ አይቼ ስለማላውቅ ልቤ ያበጠው ማበጥ ልክ አልነበረውም።

ከሳሿ እትዬ ጦይባ ይባላሉ። ባላቸው ሞተውባቸዋል። በዚያ ዓመት በትንሿ መሬታቸው ላይ ሽንኩርት ከተከሉ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላም፤ የዓመት ጉርሳቸው እሱ ብቻ ነው። አቶ ካሳው ደግሞ ከቦዩ ራስ ላይ ያረጀ የማንጎ ተክል አላቸው። የእትዬ ጦይባ ባል ታመው ሥራ ባቃታቸው ጊዜ የማክሰኞ ተራቸውን ለአቶ ካሳው ለቀው ነበር። አቶ ካሳው «ለዘለቄታው ነው የሰጠኝ» ይላሉ። እትዬ ጦይባ «ለአንድ በጋ ነው» ይላሉ። ባለፈው ማክሰኞ አቶ ካሳው ውሃውን ወደ ማንጎው መልሰውታል።

እዚያ አገር ልማዱ ቀላል ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ውሃው ይበልጥ ወደተጠማው ማሳ ይሄዳል፤ ሽማግሌዎቹም በዚያው ቀን ጨርሰው ይነሣሉ። እኔ መርሳ ከተማ ውስጥ ያደግሁ የባለሱቅ ልጅ ነኝና ይህን አላውቅም ነበር። ጠይቄ ማወቅ እችል ነበር፤ ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የምጠይቀው ምስክርን እንጂ ዳኛን አልነበረም።

ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠርጌ ትእዛዝ ሰጠሁ። የሟቹ ወንድም «ቃሉ ሲሰጥ ነበርኩ» ማለቱ ስለተነገረ ቀርቦ ይመስክር። እስከዚያው ሁለቱም ወገኖች የማክሰኞውን ውሃ እንዳይነኩ ታግደዋል። ለአሥራ አምስት ቀን ተቀጥሯል። ምስክሩ የሚሠራው ወልድያ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ከወልድያ መርሳ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። የኔ ቀጠሮ ግን የመንገዱን ርቀት አይቶ አያውቅም።

ጋሽ ይማም «አሥራ አምስት ቀን በዛ፣ ልጄ። ውሃውስ እስከዚያ የት ይሂድ?» አሉኝ።

«አንቱ አይስጉ፣ እግዱ ለሁለቱም እኩል ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ራሳቸው ጋብዘው ያስቀመጡኝን ሰው በሰው ፊት ማረም ነውር ሆነባቸውና «እሽ» አሉ። እኔ በእውቀቴ የተደመሙ መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ተመልሼ ለባልደረቦቼ ባህላዊ ዳኝነትን ምን ያህል እንደማከብር አወራሁላቸው።

በቀጠሮው ቀን ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ምስክሩ እጁን ከግሪስ ሳያጸዳ ደርሶ «ወንድሜ የሰጠው ለአንድ በጋ ብቻ ነው፣ እኔ እዚያው ነበርኩ» አለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። አቶ ካሳውም አንገታቸውን ደፍተው «እውነት ነው፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አሉ። እኔ ግን በዚህ አልረካሁም፤ ምክንያቱን ዘርዝሬ የማክሰኞው ውሃ የእትዬ ጦይባ መሆኑን ወሰንኩ። ውሳኔው በጣም ጥሩ ነበር። ይግባኝ ቢባልበት እንኳ የሚጸና ነው።

እትዬ ጦይባ ተነሥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። «አላህ ይስጥሽ ልጄ፣ ሐቄን አግኝቻለሁ። ግን እንግዲህ ውሃው ቢመጣም የማጠጣው የለኝም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ።

ሄጄ አየሁት። ችግኙ መደቡ ላይ እንደተጋደመ ደርቆ ገለባ ሆኗል። እግዴን ሁሉም ስላከበረው ውሃው ሁለት ማክሰኞ ሙሉ ወደ ወንዙ ተመልሶ ሄዷል። የአቶ ካሳው ማንጎ አንድ ቅጠል አልጠወለገም፤ ያን ያህል ዕድሜ ያለው ዛፍ አሥራ አምስት ቀን ምኑ ነው? እግዱ እኩል ነበር፤ የተጎዱት ግን እትዬ ጦይባ ብቻ ናቸው።

ጋሽ ይማምን «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «ነገርኩሽ እኮ» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።

እትዬ ጦይባ ያን በጋ የሰው ሽንኩርት እየኮተኮቱ ከረሙ። ይህን የሰማሁት ከእናቴ ነው። ስትነግረኝ አለቀስኩ፤ ለቅሶዬም እንደ ውሳኔዬ ዘግይቶ የመጣ ነው።

አሁን ችሎት ላይ ቀጠሮ ከመስጠቴ በፊት ባለጉዳዮቹን «እስከዚያ የሚደርቅባችሁ ነገር አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጠበቆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። ከባለጉዳዮቹ ግን እስካሁን አንድም የሳቀ አላየሁም።