የአምስት ቅብብል ሕግ

ባለፈው ሳምንት ጫማዬን ላስጠግን ሰፊው ዘንድ ተቀምጬ ሳለ የማስቲሹ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ወዲያው ከፎርቶ ኮረብታ በታች የነበረችው የሲሚንቶ ሜዳ ፊቴ ድቅን አለች። ኳሳችን ስፌቷ በተተረተረ ቁጥር የምንጠግናት በዚሁ ማስቲሽ ነበር። የተጠገነው ጎኗ ጠንከር ስለሚል ስትነጥር ትንሽ ወደ ግራ ታጋድላለች። ዛሬም የትም ቦታ ኳስ ሲነጥር ስሰማ ያንን ማጋደል እጠብቃለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ቀን ቀን በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል እለቅማለሁ፤ ከሥራ ስወጣ የአንድ ትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። እኔን ያሠለጠነኝ ሰው አልነበረም። የውጭ አገር ሰዎች ሲጫወቱ ከሽቦ አጥር ውጭ ቆሜ፣ ማን ለማን እንዳቀበለ በነጥብና በመስመር ደብተሬ ላይ እያሰፈርኩ ነው የተማርኩት። ከዚያ ደብተር የተረዳሁት ነገር ቢኖር ብዙ የተቀባበለ ቡድን ብዙ እንደሚያገባ ነው። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፤ አምስት ጊዜ ሳይቀባበሉ ወደ ቅርጫቱ መወርወር የለም።

ልጆቹ እየተቀባበሉ ጮክ ብለው በትግርኛ ይቆጥሩ ነበር። «ሓደ! ክልተ! ሰለስተ!» ድምፃቸው ከሜዳው ግንብ ጋር ተላትሞ ሲመለስ፣ ከግንቡ ጀርባ ሌላ የማናያቸው ልጆች የሚጫወቱ ይመስለኝ ነበር። የማታዋ ፀሐይ ሲሚንቶውን የብርቱካን ልጣጭ ታስመስለዋለች። ጥላቸው ከቁመታቸው ሦስት እጥፍ ይረዝማል።

ሕጌን የምትጥሰው አንዲት ብቻ ነበረች፤ የማይ ጭሆት ሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ ልጅ። ከሁሉም ታጥራለች፣ እጇ ግን አይስትም።

«መምህር፣ ገብቷል እኮ!»

«በስንተኛው?»

«በሁለተኛው።»

«እንግዲያው ሁለት ዙር ሩጪ።»

ረጅሟ ጓደኛዋ «ሩጪ፣ ሩጪ! እንዲህ ከሆንሽ አዲስ አበባ በእግርሽ ትገቢያለሽ» እያለች ታበሽቃታለች።

አዲስ አበባ የተነሳው ያለ ነገር አልነበረም። በዚያ ዓመት ከከተማችን ያሸነፈው ቡድን ወደዚያ ሄዶ እንዲጫወት ተወስኖ ነበር። የብስክሌት ጠጋኙ ልጅ ደግሞ በአንድ ዓመት የሚበልጣት ወንድም አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶባት፣ ከተለያዩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አባቷ ብቻዋን አይልካትም፤ ከቡድኑ ጋር ከሆነ ግን እሺ ብሏል። ግጥሚያው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ወደ እኔ መጣች።

«መምህር፣ እናሸንፋለን ዶ?»

«ከቆጠራችሁ» አልኳት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ቀድማ አልወረወረችም። እኔም ኮራሁ። ፈረስ የገራሁ መሰለኝ።

ግጥሚያው እሑድ ጠዋት ነበር። ልጆቹ የሸራ ጫማቸውን በጠመኔ አንጥተው መጡ። ከንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ሥር የተቀመጡት ባለሥልጣን በአማርኛ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመው እጃቸውን ያፍታታሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስታውስ ሁሉም ነገር ውኃ ውስጥ ያለ ይመስል ቀስ ይልብኛል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ነጥብ እየተመራን ነበር። ኳሷ በእጃችን ናት። ሓደ። ክልተ። ሰለስተ። ኣርባዕተ ሲሉ ኳሷ ቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ለቆመችው ለጠጋኙ ልጅ ደረሰች። በአጠገቧ ማንም የለም። ከላይዋ ያለው መረብ በነፋስ ሲወዛወዝ አይቻለሁ።

አልወረወረችም። ዞር ብላ ለረጅሟ አቀበለቻት። ረጅሟ ዓይኗ ቅርጫቱ ላይ ነበር፤ ኳሷ ጣቷን ነክታ ከመስመር ወጣች። የማብቂያው ፊሽካ ተነፋ፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

«ለምን አልወረወርሽም?» አልኳት።

«አራት ነበረች፣ መምህር።»

አልተቆጣችም። ሒሳቧን ትክክል እንደሠራች ተማሪ ነበር የምታየኝ። በልምምድ ያልኩት ሕግ በጨዋታ የት ላይ እንደሚቆም አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነው ልላት ይገባኝ ነበር፤ አላልኳትም። ዝምታዬን ሰዎች ጨዋነት ይሉታል። እኔ ግን የዚያን ዕለቱን ዝምታ ስም አውቀዋለሁ።

ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና አሸናፊዎቹ ወደ ተቀመጡበት ሄደች። እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ። የጫማ ክሯን የምትፈታው አምበላቸው ፊት ቆመች።

«አዲስ አበባ ስትደርሱ አንድ ልጅ ሰላም በይልኝ» አለቻትና የወንድሟን ትምህርት ቤት ነገረቻት።

«ምን ዓይነት ልጅ ነው?»

«ቀጭን ነው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።»

«ኣንቲ፣ ስንቱ ቀጭን አለ! ቁመቱስ?»

መዳፏን ከግንባሯ ትንሽ ከፍ አድርጋ ዘረጋች። «እዚህ ድረስ...» ብላ ቆም አለች። የተዘረጋውን እጇን ቀና ብላ አየችው።

«ሁለት ዓመት ሆኖታል እኮ» አለች ለራሷ። በጣቶቿ ጫፍ ቆመችና እጇን ቀስ ብላ ከፍ አደረገች፤ አሰበችና፣ እንደገና ትንሽ ከፍ አደረገች።