ለአባቴ የወረደው ሙሾ

የማስተርስ ጥናቴን በሙሾ ላይ እንድሠራ የተፈቀደልኝ ቀን ደስ ብሎኝ ከዩኒቨርሲቲው እስከ ፒያሳ በእግሬ ወረድኩ። ደስታው ሳምንት አልቆየም። ፎክሎር የሚማር ሰው የሆነ ጊዜ ላይ የሚገባበት ጭንቅ አለ፤ መጽሐፉ ውስጥ የሞላው ነገር ሰፈር ውስጥ የለም። እኔ ልሰበስብ የተነሳሁት አልቃሾች ለቅሶ ቤት የሚያወርዱትን ግጥም ነበር፤ የሟቹን ሕይወት፣ ሙያውንና ጀግንነቱን በዜማ የሚተርከውን። አራዳ ውስጥ ተወልጄ አድጌ፣ እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ሙሾ የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነው።

"አንዲት አውቃለሁ" አለኝ አባቴ።

አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከምኒልክ አደባባይ እስከ አራት ኪሎ ባሉት አሮጌ ቤቶች የትኛው ቧንቧ በየትኛው ግድግዳ ውስጥ እንደሚያልፍ ያውቃል። ስለዚህ ሰውም ያውቃል። በማግስቱ ከጊዮርጊስ ጀርባ ወዳለ ግቢ ወሰደኝ። አንዲት ጠና ያሉ ሴት በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ጧፍ በደርዘን በደርዘን ያስራሉ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሚሸጡት ነው።

"እትዬ፣ ልጄ ናት። የምትማረው የእርስዎን ሙያ ነው" አላቸው።

"ጧፍ መሸጥ?"

"ማልቀስ።"

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ። "ለዚህም ትምህርት ቤት ተከፈተለት?"

አባቴ ሳቀ። እኔ ግን መቅረጫዬን አውጥቼ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ግጥሙ እየጠፋ እንደሆነ፣ ለትውልድ መቀመጥ እንዳለበት፣ ስማቸው እንደማይጻፍ። አቋረጡኝ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ እማማ። እንዲሁ ለምሳሌ ያህል እንዲሉልኝ ነው።"

"ለምሳሌ ያህል አይለቀስም። ሬሳ ሳይኖር ሙሾ የሚያወርድ ሰው ሞት ይጠራል። ማንን ልግደልልሽ?"

ከዚያ ወዲያ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። ስለ ሙያው ያወሩኛል፤ ከእናታቸው እንደተማሩት፣ ድሮ ትልቅ ሰው ሲሞት ከሩቅ ሰፈር ሰው ተልኮላቸው ይወሰዱ እንደነበር። ግጥም ስጠይቅ ግን ጧፋቸውን ማሰር ይጀምራሉ። የሰበሰብኩትን ወሬ ይዤ ወደ አማካሪዬ ሄድኩ።

"ቃለ መጠይቅ ብቻ ምን ይሠራልናል?" አለኝ። "የሚያስፈልገን ክዋኔው ነው። ግጥሙ ድንኳን ውስጥ፣ በለቀስተኛ ፊት ሲወርድ።"

"ዶክተር፣ ድንኳን ውስጥ አሁን ሙሾ የለም።"

"ፈልጊው" አለኝና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ፈለግሁት። ለወራት ያልደረስኩበት ለቅሶ የለም። መንገድ ላይ ድንኳን ሲተከል ባየሁ ቁጥር ልቤ ደስ ይለዋል፤ ይህን መናገር ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እገባና የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ንፍሮ እየቆረጠምኩ እጠብቃለሁ። የምሰማው ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ መዝሙርና የሰባኪ ቃል ነው። የሰፈራችንን እድር ሰብሳቢ ብጠይቃቸው፣ "ተከፍሎ ማልቀስ በደንባችን ክልክል ነው። ሕዝቡን ያስጨንቃል" አሉኝ። ደንቡን ኮፒ አድርጌ ከጥናቴ ጋር አያያዝኩት። ያገኘሁት ብቸኛ ሰነድ ሙሾ መከልከሉን የሚናገር ወረቀት ሆነ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ አምስት ኪሎ አካባቢ፣ የሟቿ እህት ተነስታ ጥቂት ስንኝ ስታወርድ ደረስኩ። መቅረጫውን በነጠላዬ ሥር ከፈትኩት። የሟቿ ልጅ አየችኝ። ለቅሶዋን አቋርጣ መጣችና አጠገቤ ቆመች።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"ለጥናት ነው፤ ይቅርታ፣ አስፈቅጄ ልቀዳ ነበር።"

"የእናቴ ሞት ለጥናት?"

የቀዳሁትን እፊቷ አጠፋሁት። ወደ ቤት ስመለስ በእሷ ተናድጄ ነበር። በማን መናደድ እንደነበረብኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። እሱ ቀልድ ካልጨመረበት እህል አይዋጥለትም። "እንዲህ ከተቸገርሽ እኔ ልሙትልሽና ቅጂ" አለኝ። ሳህኔን ገፍቼ ተነሳሁ።

የሞተው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ የተዘጋ ቧንቧ ሊከፍት ገብቶ እዚያው ወደቀ። ሆስፒታል ስደርስ አይናገርም ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ዐረፈ። ስለዚያ ሁለት ቀን ብዙ አልጽፍም። እጁ ላይ የነበረውን የዝገት ቀለም ነርሷ በጥጥ ስትጠርግ ትዝ ይለኛል፤ አልለቀቀም።

ከቀብሩ በማግስቱ ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ሴትዮዋ መጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረውታል። የእድሩ ሰብሳቢ ነገሩ ገባቸውና ተነስተው መንገዳቸው ላይ ቆሙ።

"እማማ፣ ደንቡን ያውቁታል።"

"ደንባችሁ የሚከለክለው ተከፍሏት የምታለቅሰውን ነው። እኔ ጎረቤት ነኝ" አሏቸውና አልፈው ገቡ።

መሐል ላይ ቆሙ። መጀመሪያ ዙሪያውን አዩ፤ እኔን፣ ወንድሜን፣ በሩ ላይ የተቀመጠውን የአባቴን የመፍቻ ሣጥን። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ደረት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አባቴ በልጅነቱ ከአገር ቤት ሲመጣ፣ ሙያውን ሲለምድ፣ እናቴን ቀብሮ ሁለት ልጅ ሲያሳድግ፣ ሁሉንም አወረዱት። ከመሐሉ ይህ ነበረበት፦

የሰፈሩን ቧንቧ ሲዘጋ የኖረው፣
የኛን ዓይን ከፍቶ ማን ይዝጋው ብሎ ነው።

ድንኳኑ ተነቃነቀ። ሰብሳቢው ሳይቀሩ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ምን አደረግሁ? በነጠላዬ ሥር በጣቶቼ የስንኙን ቀለም ቆጠርኩ። ስድስት፣ ስድስት። የወል ቤት ነው አልኩ በሆዴ። መክፈትና መዝጋት ተቃርኖ ነው፣ ውሃና እንባ ተነጻጽረዋል። ቀጥሎ የሚመጣውን ስንኝ እንዳይጠፋብኝ ያለፈውን በቃሌ እደጋግማለሁ። አክስቴ ትከሻዬን ያዘችኝ።

"አልቅሺ እንጂ፣ አባትሽ እኮ ነው!"

ደነገጥኩ። ላለቅስ ብሞክር እምቢ አለኝ። ስንኞቹም በዚያው ተደባለቁብኝ። እንባውም ግጥሙም ሳይሆንልኝ ሙሾው አለቀ።

ማታውን ለቀስተኛው ሲመለስ የማስታውሰውን ደብተር ላይ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ስንኝ ብቻ ሆነ። የወረደው የዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ወንድሜ በስልኩ ቀድቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ጠይቄ ሳልጨርስ በራሴ አፈርኩ፤ እሱ ግን ስልኩን ሰጠኝ። ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም። የአክስቴ ዋይታ ድምፁን ውጦታል፣ ምስሉም የድንኳኑ ጣሪያ ነው። "እጄ ወረደብኝ፤ አለቀስኩ" አለኝ።

ከአርባው በኋላ አማካሪዬ ጠራኝ። ለቅሶ መጥቶ ነበር፣ ሰው አይደለም አልልም። እስክሪብቶውን እያገላበጠ፣ "ቅር እንዳይልሽ... ሙሾ ወርዷል ሲሉ ሰምቼ፣ የተቀዳ ነገር ይኖር ይሆን?" አለኝ።

"የለም" አልኩት።

"የሚያሳዝን ነው" አለ። ለየትኛው እንዳዘነ አላወቅሁም።

ቀሪው መንገድ ሴትዮዋን መልሼ መጠየቅ ነበር። በዚያ ወቅት ግቢያቸው ለልማት ተነስቶ፣ እሳቸውም ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጥቷቸው ሄደዋል። በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ ደረስኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጧፍ የሚገዛቸው በሌለበት፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የወንድሜን ደኅንነት ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩና የመጣሁበትን ተናገርኩ። እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ አላሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያለ ዜማ፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦

ከመሬቱ በታች መንገድ ታውቅ ነበር፣
ዛሬ ምነው ታዲያ ሄደህ የምትቀር።

"እማማ፣ ያን ቀን ይህን አላሉም። 'የሰፈሩን ቧንቧ' ነው ያሉት።"

"ብያለሁ? ጥሩ ነው። ዛሬ የመጣልኝ ይሄ ነው።"

"እኔ የምፈልገው ያን ቀን ያሉትን ነው። ሁሉንም፣ በተራው።"

"እኔ በቃሌ አልይዝም፣ ልጄ። ዳዊት አይደለም። የማየውን ነው የምለው። ያን ቀን አንቺን አየሁሽ፣ ያንን ሣጥን አየሁት። አሁን የማየው ይህን ግድግዳ ነው።"

ይህን ነገር በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። የቃል ገጣሚ እያወረደ እንደሚፈጥር፣ አንድ ትክክለኛ ቅጂ የሚባል እንደሌለ ፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ያኔ ግን ምንም አልጠቀመኝም። የአባቴ ሙሾ አንድ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነበር። ደረጃውን ቶሎ ቶሎ ወረድኩ። በእሳቸው፣ በአማካሪዬ፣ በእድሩ ደንብና በወንድሜ ስልክ ተናድጃለሁ።

ጥናቱን ጻፍኩት። አሥራ አንዱን ስንኝ፣ ሴትዮዋ ኋላ ያሉኝን ሁለቱን፣ አክስቴ 'የማስታውሰው ይህ ነው' ብላ የነገረችኝንም ሌላ መልክ ጨመርኩ። ሦስቱ አይገጥሙም። ጥናቱን በፈታኞች ፊት በተከላከልኩበት ቀን ከፈታኞቹ አንዱ፣ "መረጃሽ ሳሳ። እነዚህን ከማን ወሰድሽ? ሟቹስ ማን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"የቧንቧ ሠራተኛ ነው" አልኩ።

አማካሪዬ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። አለፍኩ፤ ከእርማት ጋር። ከእርማቶቹ አንዱ ከስንኞቹ ግርጌ ምንጩ ይጠቀስ የሚል ነበር። "ምንጭ፦ የአጥኚዋ ትውስታ" ብዬ ጻፍኩ፤ ከጥናቱ ሁሉ አሁንም የምጠላው መስመር እሱ ነው።

የተጠረዘውን አንድ ቅጂ ለሴትዮዋ ወሰድኩላቸው። ማንበብ ስለማይችሉ አንብቢልኝ አሉኝ። መግቢያውን ዘልዬ ወደ ስንኞቹ ገባሁ። ስለ ቧንቧው ሳነብ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ። 'ሲዘጋ' ነው ያልሽው? እኔ እንዲህ አልልም። አባትሽ መች ዘጋ? የተዘጋ ነው የሚከፍተው።"

"እማማ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ይዘጋ ነበር። ሥራው እሱ ነው።"

"እኔ ቤት መጥቶ ሁልጊዜ የከፈተው ነው። አንድ ፋሲካ ግቢያችን በሙሉ ውሃ አጥቶ፣ እርጥብ ጃኬቱን ሳያወልቅ ስድስት ቤት ከፍቶ ሄደ። ዶሮ የሠራነው በእሱ ነው። ይህን ታውቂያለሽ?"

አላውቅም ነበር። ቢሆንም አልተሸነፍኩላቸውም። እኔ ቤታችን ውስጥ የዘጋቸውን እቆጥራለሁ፣ እሳቸው የከፈታቸውን ይቆጥራሉ። ድምፃችን ከፍ ስላለ ጎረቤታቸው በሩን አንኳኩታ፣ "ምን ሆናችሁ?" አለች።

"ስለ አባቷ እየተከራከርን ነው" አሏት። "ግቢ፣ አንቺም ስሚ።"

ጎረቤቷ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ ፋሲካው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩላት፤ በዚህኛው ላይ የተከፈቱት ቤቶች ስምንት ሆኑ። እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አወጣሁና በታተመው ስንኝ ጎን፣ ባዶው ቦታ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። "በዝግታ ይንገሯት፣ እማማ" አልኳቸው፤ እሳቸው ግን በዝግታ አልተናገሩም።