ካሜራው የነገረኝ የልጄ ወሬ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞላሌ ገበያ መሀል ገብስ እያየሁ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠች። ከፍቼ ሳነብ... የቅጣት መልእክት። «ተሽከርካሪዎ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲጓዝ በካሜራ ተይዟል» ይላል። ቦታው ኮተቤ።

እኔ መኪና መንዳት አልችልም። በመኪናዋ አዲስ አበባ ላይ ሰው እያመላለሰ የሚሠራው ልጄ ነው። ግን የተገዛችው በእኔ ስም ስለሆነ፣ ካሜራው ታርጋዋን ባነሳ ቁጥር መልእክቱ የሚመጣው ለእኔ ነው። ልጄ እንደሆነ አይደውልም። እናቱ ካረፈች ወዲህማ ጭራሽ ጠፋ፤ ቤቱም ሰፋብኝ። እና እውነቱን ልናገር? ቅጣት ሲመጣ ደስ ይለኛል። ቢያንስ ደህና ውሎ እየሠራ መሆኑን አውቃለሁ።

ኮተቤ የሚለውን ሳይ ግን ልቤ ዘለለ። ኮተቤ እኮ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ እኛ አገር መውጫው ነው! ሳይመሽ ይደርሳል ብዬ ገብሱን ትቼ በግ ገዛሁ።

በጉን እየጎተትኩ ስመለስ ጎረቤቴ አሰለፈች አየችኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ምን በዓል አለ?»

«ልጄ እየመጣ ነው።»

«እሰይ! ደወለልዎት?»

«አይ... ካሜራው ነው የነገረኝ።»

ስቃ ስታበቃ ሽንኩርት ልትከትፍልኝ መጣች።

እኔ መንገድ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። አይሱዙ አለፈ... የመጨረሻው አውቶቡስም ገባ... ልጄ የለም። ብርዱ ሲጠናብኝ ደወልኩለት።

«አባባ! ምነው፣ ደህና ነዎት?»

«የት ደረስክ?»

«ቤቴ ነኛ። ምነው?»

«ኮተቤ ታይተህ ነበር...»

«እንዴ፣ ቅጣት መጣብዎት? ሰው ላደርስ ሄጄ ነው እኮ። ይቅርታ አባባ፣ በቃ ሰሞኑን መኪናዋን ወደ ራሴ ስም አዞራታለሁ። ከዚህ በኋላ መልእክት አይረብሽዎትም።»

ደነገጥኩ። «ተው!» አልኩት ጮክ ብዬ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ምን ረበሸኝ... በእኔው ስም ትሁን።»

ስለ በጉ አልነገርኩትም። ናፍቀኸኛል ማለትም አቃተኝ። የአባት ወጉ ነውና «ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት። «እሺ አባባ» ብሎ ዘጋው።

ይኸው እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ያ እሺታው ነው... እውነትም ቀስ ብሎ ከነዳ፣ ወሬውን ማን ይነግረኛል?