ጭምብሉን ካላወለቁ አያነሳም

የሞጣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመለያየታቸው በፊት እንዳሻቸው ለብሰው የሚውሉበት «ክሬዚ ደይ» ነው። ፎቶ አንሺው ኪሱ የበዛ ሰደርያውን ለብሶ፣ የካሜራውን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ይነጫነጫል። ጭምብል ያጠለቀውን ሁሉ አስቀድሞ አስወልቆ ፊቱን ካላነሳ፣ በጭምብሉ አያነሳም። ሰልፉ ተጓተተ፣ ፀሐይዋም ከረረች። ልጄን ሰርካለምን ላስነሳ የመጣሁት እኔም በልቤ «ጌታዬ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ» እላለሁ።

ተራዋ ደረሰ።

«ጋሼ፣ አንበሳ እኮ ነኝ። ፊቴን ምን ያደርጉታል?»

«አንበሳሽ ካርቶን ነው። አውልቂው።»

«ፀጉሬ ተበላሽቷል፤ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ።»

«ወንድሜ፣ እንዳሻት ቢያነሷት ምን አለበት?» አልሁት ተሰላችቼ።

ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

«የእኔም ልጅ በእሱ ጊዜ እንዲህ ባለ ቀን ነብር ሆኖ ነበር። ያነሳሁት እኔው ነኝ። የሰው ልጆች ሳነሳ እየዋልሁ፣ የእሱን ፊት ሌላ ቀን እያልሁ ቀረሁ። ለቅሶው ላይ እናቱ ይዛ የወጣችው የነብሩን ፎቶ ነው።»

ሰርካለም ቀስ ብላ ጭምብሏን አወለቀች። ፊቷ በላብ ርሷል፣ ፀጉሯም ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

«በይ ቀና በይ» አላት እየተነጫነጨ። «ሰልፉን አታጓትቺብኝ።»