ስሜ ሲጠራ «አቤት» ይልልኝ የነበረው ሰው

መምህር አያልነህ ሞተ የሚሉት ነገር አልገባ ብሎኛል። ትናንት ከትምህርት ቤት ስንወጣ «ነገ ስምንት ሰዓት፣ እንዳትቀር» ብሎኝ ነው የተለያየነው።

ከሁሉ በፊት ግን የደበቅሁትን ልናገር። ዳይሬክተራችን ጠዋት መርዶውን ሲነግሩን መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ከእንግዲህ ምስጢሬን የሚያውቅ የለም» የሚል ነበር። እፎይ አልሁ። ወዲያው በገዛ እፎይታዬ ደነገጥሁ። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ምስጢሩ ይኸውላችሁ። እኔ ታከለ፣ ሦስተኛ ክፍል የማስተምረው፣ ብዙዎቻችሁ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የምታውቁኝ፣ የጭንቀት ሕመም አለብኝ።

ባለቤቴ እናኑ ካረፈች ወዲህ ነው። አንድ ቀን የልጆቹን ስም እየጠራሁ ትንፋሽ አጠረኝ። ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ። ሞቴ ነው ብዬ ሰሌዳውን ተደግፌ ቆምሁ። ልጆቹ «አቤት» ሊሉ ይጠብቃሉ፤ እኔ ድምፅ የለኝም።

ከጎን ክፍል የሚያስተምረው አያልነህ ጸጥታው ገርሞት ብቅ አለ። ምንም አልጠየቀኝም። መዝገቡን ከእጄ ወሰደና የቀሩትን ስሞች ጠርቶ ጨረሰ።

በእረፍት ሰዓት መጣ።

«እንዴት ነህ ታኬ?»

«ተመስገን።»

«ተመስገኑን ሰማሁ። ቀሪውን አምጣ።»

ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር። ሌላ ሰው «ተመስገን» ስትለው ይበቃዋል፣ ያልፋል። እሱ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ቀሪውን አመጣሁለት። እሱም ያንኑ ሕመም ለዓመታት ሲታከም እንደኖረ ነገረኝ። እኔ ጠበል እገባለሁ አልሁት። «ጠበሉን ማን ከለከለህ? ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ሐኪም» አለና ቀጠሯችንን በአንድ ቀን አስደረገው።

ሆስፒታሉ ውስጥ የፈራሁት መርፌውን አልነበረም፤ ኮሪደሩን ነው። ስም ጮክ ተብሎ ይጠራል፤ የተማሪ ወላጅ አይጠፋም። ስለዚህ እኔ ውጭ ማንጎ ሥር እቀመጣለሁ። ስሜ ሲጠራ እሱ «አቤት፣ መጣ!» ይልና በመስኮት ባርኔጣውን ያወዛውዝልኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄድን።

አንድ ቀን ነርሷ ነቃችበት። «ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ስም ነው ያለዎት?»

«የክፍል አለቃ ነኝ፣ ልጄ» አላት።

ዓምና በመምህራን ስብሰባ መጨረሻ ላይ እጁን አወጣ። «እኔ የጭንቀት ሕመም አለብኝ። መድኃኒት እወስዳለሁ። ከናንተ መሃል እንደኔ ያለ ካለ፣ ተደብቆ የዳነ ሰው አላየሁም» አለ።

ከዚያ ከኋላ አንዱ፦ «ኧረ ክፍሉን በጊዜ ለሌላ ሰው እንስጥ፤ ጠመኔውን ቆርጥሞ ሳይጨርሰው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴን አሳይቼ ሳቅሁ። ጴጥሮስ እንኳ እሳት እየሞቀ ካደ እንጂ አልሳቀም።

አያልነህ አየኝ። ስሜን አልጠራም። ወደ ባጃጅ ስንሄድ ግን ትከሻዬን መታ አድርጎ «ሳቅህ ደህና ነው። ሳንባህ ምንም የለበትም» አለኝ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ዓመት አለፈ።

ዛሬ ጠዋት መምህራን ማረፊያ ውስጥ «ያው የጭንቅላት ነገር ነው፤ ማን ያውቃል፣ ራሱን…» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። ከጭንቀቱ ሌላ የልብ ሕመምም ሲታከም የኖረ ሰው ነው። ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤቱ ወደ ሥራ ሲወጣ፣ ደጃፉ ላይ፣ ጎረቤት እያየው ነው የወደቀው። ይህን እያወቅሁ ዝም አልሁ። «አንተ ስለ ልቡ ሕመም በምን አወቅህ?» ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ብቻዬን ባጃጅ ያዝሁ። በሐይቁ ዳር ስናልፍ ያ ነገር መጣብኝ። አያልነህ እንዳስተማረኝ «እግዚኦ» ስል ትንፋሽ እየሳብሁ፣ «መሐረነ ክርስቶስ» ስል ቀስ አድርጌ እየለቀቅሁ ደረስሁ።

ማንጎው ሥር ቆምሁ። መስኮቱን አየሁት። ባርኔጣ የለም። ገባሁ።

ወይዘሮ ዘይነባ ወንድማቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ልጃቸው እኔ ክፍል ናት።

«መምህር! ማንን ሊጠይቁ መጡ?»

«አንድ… አንድ ሰው ልጠይቅ ነው» አልሁ። ዛሬም ካድሁ።

ነርሷ ካርዶቿን ይዛ ወጣች። «አያልነህ!» ዝም። «አያልነህ!» ሁለተኛ ስትጠራው እግሬ በራሱ ተነሣ።

«ዛሬ ጠዋት አረፈ» አልኋት።

ካርዱን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ከዚያ የሚቀጥለውን አነሣች። የኔ ነበር። ስሜን ከነአባቴ ስም ጮክ ብላ ጠራችው። ወይዘሮ ዘይነባ ቀና ብለው አዩኝ። በሩ ሁለት እርምጃ ነው፤ መውጣት እችል ነበር።

አያልነህ ወንድሜ፣ ነገ ቀብርህ ላይ ያ የሳቀው ሰው ሁሉ ይኖራል። ይህን አንብበው ያዩኛል። እንዴት ብዬ መሃላቸው እንደምቆም አላውቅም፤ ፈርቻለሁ። ያኔ ስለ ሳቅሁት ይቅር በለኝ።

አሁን አንተ ወደምትጠራበት ሄደሃል። እዚያ የሌላውን ስም አትጠብቅ፤ ለራስህ ብቻ መልስ። ስለኔ አታስብ። ተመስገን ብያለሁ፤ ቀሪውንም አምጥቻለሁ። ወይዘሮ ዘይነባ እየሰሙ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እየሰማ፣ «አቤት፣ እኔ ነኝ» ብዬ ገባሁ።